«ትክክለኛነት» እና «ርጋታ»፦ የድግግሞሽ ቈጣሪ ታሪክ ለሙያ ቃላት አሰያየም የሚሰጠው ትምህርት

1. መግቢያ

የአንድ ሙያ ቃላት ወደ አማርኛ ሲመለሱ ዘወትር የሚነሣው ጥያቄ «ለዚህ የባዕድ ቃል አቻው የትኛው ነው?» የሚለው ነው። ይሁን እንጂ ከዚህ አስቀድሞ ሊመለስ የሚገባው ሌላ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ቃሉ በገዛ ሙያው ውስጥ ዛሬ የያዘውን ትርጕም ያገኘው መቼና ስለ ምን ነው የሚለው ነው። የቃሉ ታሪክ ሳይመረመር የሚሰጥ አቻ ለጊዜው የተስማማ ቢመስልም፣ ሥራ ላይ ሲውል ጕድለቱ መገለጡ አይቀርም።

ከብዙ ዓመታት በፊት የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ለሬዲዮ ቴክኒሻኖች ማሠልጠኛ የተዘጋጀ አንድ መጽሐፍ ሲተረጐም የአማርኛውን አገላለጽ እንዲያርም ተጠይቆ ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ መሣሪያዎች ጥራት የሚናገሩ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት እየተፈራረቁ ይመጡ ነበር። እኔም ልዩነታቸው የጸሐፊው የአጻጻፍ ለውጥ ብቻ መስሎኝ ሁለቱንም «ትክክለኛነት» በሚለው አንድ ቃል እንዲወከሉ አደረግሁ። መጽሐፉ ከተሠራጨ ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ወጣት ቴክኒሻን መጽሐፉን ይዞ መጣና፣ «ዶክተር፣ እዚህ ገጽ ላይ መሣሪያው ከፍተኛ ትክክለኛነት ቢኖረውም ትክክለኛነቱ ግን ዝቅተኛ ነው ይላል። እርስዎ የትኛውን እንድናምን ነው የሚፈልጉት?» ሲል ጠየቀኝ። ሰውየው ሦስት ቀን ሙሉ የአንድን መሣሪያ ድግግሞሽ ጧት ጧት በማስተካከያው ብሎን ሲያቃና፣ ማታ ማታ ደግሞ ተዛንፎ ሲያገኘው ሰንብቷል። መጽሐፉ የነገረው «ትክክለኛነት ሲጐድል ይስተካከል» ብሎ ነበርና። የመሣሪያው ሕመም ግን በብሎን የሚድን አልነበረም። ጕድለቱ የትክክለኛነት ሳይሆን የርጋታ ነበር፤ መጽሐፉም ይህን ለመንገር የሚያስችል ቃል አልነበረውም፤ ቃሉን የነሣሁት እኔ ነበርሁ።

ይህ ጽሑፍ የዚያ ስሕተት ውጤት ነው ማለት ይቻላል። ዓላማውም ሁለቱ ፅንሰ ሐሳቦች እንዴት እንደ ተለያዩ በድግግሞሽ ቈጣሪ ታሪክ አማካይነት ማሳየትና፣ ከታሪኩም በመነሣት የአማርኛ ቃላትን ድልድል ማቅረብ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

2. የሁለቱ ቃላት ሥር

«ትክክል» የሚለው ቃል «አከለ» ከሚለው ግስ የወጣ ነው። ከዚሁ ሥር «እኩል»፣ «ተካከለ»፣ «ተስተካከለ» የሚሉት ይገኛሉ። በመሆኑም «ትክክል» በመሠረቱ የንጽጽር ቃል ነው። አንድ ነገር ትክክል ነው ስንል «ከምን ጋር?» የሚል ጥያቄ በውስጡ ተሰውሯል። ሁለት በትሮች ትክክል የሚሆኑት አንዱ ከሌላው ጋር ሲለካ ነው፤ ብቻውን የቆመ በትር ትክክል ሊሆን አይችልም።

«ረጋ» ግን መንገዱ ሌላ ነው። የግእዙ «ረግዐ» ፈሳሽ መሆኑን ትቶ መያያዝን፣ መጽናትን፣ ጸጥ ማለትን ያመለክታል። በአማርኛም ወተት ሲረጋ እርጎ ይሆናል፤ ውሃ ሲረጋ መናወጡን ይተዋል፤ ሰው ሲረጋ ከመቅበጥበጥ ያርፋል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ያለው ንጽጽር አንድ ነገር ከሌላ ጋር ሳይሆን፣ ያው ነገር ቀደም ሲል ከነበረበት ሁኔታ ጋር ነው። ስለዚህ «ረጋ» የሚያስከትለው ጥያቄ «ከምን ጋር?» ሳይሆን «ለምን ያህል ጊዜ?» የሚለው ነው።

ልዩነቱን ለማየት ከሁለት የሰዓት አቈጣጠሮች የቀረበ ምሳሌ አይገኝም። በአንድ ክፍል ግድግዳ ላይ አንዱ ሰዓት በኢትዮጵያ፣ ሌላው በአውሮፓ አቈጣጠር ተሞልቶ ቢሰቀል፣ በሁለቱ መካከል ያለው የ6 ሰዓት ልዩነት ማንንም አያሳስብም። ልዩነቱ ሁልጊዜ አንድ ስለሆነ በአእምሮ ደምሮ ወይም ቀንሶ ማቃናት ይቻላል። አንደኛው ሰዓት ዛሬ 2 ደቂቃ ቀድሞ ነገ 5 ደቂቃ ወደ ኋላ የሚቀር ቢሆን ግን፣ በየትኛውም አቈጣጠር ቢሞላ አይረባም። የመጀመሪያው ዐይነት ልዩነት የትክክለኛነት፣ ሁለተኛው የርጋታ ጕዳይ ነው።

3. ከፔንዱለም እስከ ሲዚየም

በዚህ ጽሑፍ «ኦሲሌተር» የምንለው በእኩል የጊዜ ልዩነት የሚደጋገም ምልልስ የሚያመነጭ ማናቸውም መሣሪያ ነው። በአንድ ሰከንድ ውስጥ የሚያደርጋቸው ሙሉ ምልልሶች ወይም ዑደቶች ቍጥር ድግግሞሽ ይባላል። የድግግሞሽ መለኪያ ስም የሆነው ኸርትዝ በ1960 በተካሄደው በ11ኛው የክብደትና የልኬት ጠቅላላ ጉባኤ ዓለም አቀፍ ተቀባይነት አግኝቷል።

የሆላንዱ ሊቅ ክርስቲያን ሃይገንስ በ1656 የፔንዱለም ሰዓት ከፈለሰፈ በኋላ ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል የሰዓት ትክክለኛነት የሚፈተነው በሰማይ ነበር። መሬት በዛቢያዋ ላይ ስትዞር ኮከቦች በየቀኑ በታወቀው ቦታ ያልፋሉ፤ ሰዓቱ ከዚያ ጋር ካልተስማማ ስሕተቱ የሰዓቱ ነው። መሬት ዋቢ፣ ሰዓት ተመዛኝ ነበሩ። በዚያ ዘመን ትክክለኛነትንና ርጋታን ለይቶ መጥራት እምብዛም አያስፈልግም ነበር፤ ዋቢው የማይነቃነቅ እስከ መሰለ ድረስ ከእርሱ ጋር ለረጅም ጊዜ የተስማማ ሰዓት ትክክልም የረጋም መሆኑ የታወቀ ነውና።

ይህን ሁኔታ የለወጠው ኳርትዝ ነው። ወንድማማቾቹ ዣክ እና ፒየር ኩሪ በ1880 እንደ ኳርትዝ ያሉ ክሪስታሎች ሲጨመቁ የኤሌክትሪክ ሙል እንደሚፈጥሩ አገኙ። አሜሪካዊው ዋልተር ኬዲ በ1921 በኳርትዝ ክሪስታል የሚገዛ ኦሲሌተር ሠራ፤ በ1927 ደግሞ ዋረን ማሪሰን ከባልደረባው ከሆርተን ጋር በቤል የስልክ ቤተ ሙከራ የመጀመሪያውን የኳርትዝ ሰዓት አቀረበ። በ1930ዎቹ በበርሊን አዶልፍ ሻይበና ኡዶ አደልስበርገር የሠሯቸው የኳርትዝ ሰዓቶች እርስ በርሳቸው ተስማምተው ሳለ ከመሬት ዙረት ጋር ግን ሳይስማሙ ተገኙ። ስሕተቱ የሰዓቶቹ ሳይሆን የመሬት ሆነ። የመሬት ዙረት ፍጥነት በጥቂቱም ቢሆን ይለዋወጣልና።

ለቃላት ታሪክ ይህ ትልቅ ክሥተት ነው። ለዘመናት የትክክለኛነት ምንጭ የነበረው አካል ያልረጋ መሆኑን የገለጠው በርጋታ የሚበልጠው መሣሪያ ነበር። አንድ ነገር የሁሉ መስፈርት ሆኖ ሳለ የረጋ ላይሆን እንደሚችል፣ እንዲሁም የረጋ ሆኖ ሳለ ለመስፈርትነት ያልታጨ ሊሆን እንደሚችል በተግባር ታየ። በ1955 ሉዊስ ኤሰንና ጃክ ፓሪ በእንግሊዝ ብሔራዊ የፊዚክስ ቤተ ሙከራ የሲዚየም አቶም ሰዓት ከሠሩ በኋላ ነገሩ ወደ መቋጫው ደረሰ። 13ኛው ጠቅላላ ጉባኤ በ1967 ሰከንድን ከመሬት ነጥቆ ለአቶም ሰጠ፤ በዚህም መሠረት አንድ ሰከንድ ከሲዚየም 133 አቶም የሚመነጭ የተወሰነ ጨረር የሚያደርጋቸው 9,192,631,770 ዑደቶች የሚፈጁት ጊዜ ሆነ። በሌላ አነጋገር ሰከንድ ራሱ የቍጥር ውጤት ሆነ፤ ይህም ወደ ቈጣሪው ያመጣናል።

4. ቈጣሪው

በአማርኛ «ቈጣሪ» የሚለው ቃል ለመሣሪያ ሲሆን መጀመሪያ ትዝ የሚለን በየቤቱ ግድግዳ ላይ ያለው የመብራትና የውሃ ቈጣሪ ነው። ቃሉ ለድግግሞሽ መሣሪያም ያለ ችግር ይስማማል፤ እንዲያውም ይህኛው በቃሉ ሙሉ ትርጕም ይቈጥራል።

የመሣሪያው የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ከኑክሌር ፊዚክስ ነው። ከራዲዮአክቲቭ ነገሮች የሚወጡ ቅንጣቶች የሚፈጥሩት የኤሌክትሪክ ትርታ ሜካኒካዊ መቍጠሪያ ሊከተለው ከሚችለው በላይ በመፍጠኑ፣ ዊን ዊልያምስ በ1932 በካምብሪጅ ትርታዎችን በሁለት በሁለት እየከፈለ የሚቈጥር ኤሌክትሮኒካዊ ዘዴ ሠራ። ይህ ዐይነቱ ቴክኒክ ከጦርነቱ በኋላ ወደ ድግግሞሽ ልኬት ተዛወረ። ሂውሌት ፓካርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ1951 ያወጣው 524ኤ የተሰኘው ቈጣሪ እስከ 10 ሜጋኸርትዝ ይቈጥር ነበር። ቀደም ሲል ከፍተኛ ድግግሞሽን በጥንቃቄ ለመለካት 10 ደቂቃ ያህል ይፈጅ የነበረውን ሥራ ወደ አንድና ሁለት ሰከንድ አወረደው። የሬዲዮ ጣቢያዎች ከተፈቀደላቸው ድግግሞሽ አለመውጣታቸውን ለማረጋገጥ በብዛት ተገለገሉበት።

የመሣሪያው አሠራር ለማንም የሚገባ ነው። በውስጡ በር አለ። በሩ ለአንድ ሰከንድ ይከፈታል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የሚገቡት ዑደቶች ይቈጠራሉ፤ በሩ ይዘጋል፤ ቍጥሩ ይነበባል። ነገር ግን በሩን የሚከፍተውና የሚዘጋው የመሣሪያው የራሱ ኦሲሌተር ነው። እንግዲህ ቈጣሪው የአንዱን ኦሲሌተር ድግግሞሽ በሌላው ይመዝናል እንጂ ድግግሞሽን ብቻውን ሊለካ አይችልም። የተነበበው ቍጥር ቢለወጥ የተለወጠው ተመዛኙ ይሁን መዛኙ፣ ቍጥሩ ራሱ አይናገርም።

ሁለተኛው ችግር የመጨረሻዋ ዑደት ናት። በሩ በአንዲት ዑደት መካከል ቢዘጋ ያቺ ዑደት ልትቈጠርም ላትቈጠርም ትችላለች። 10 ሜጋኸርትዝ ለአንድ ሰከንድ ሲቈጠር 10,000,000 ዑደቶች ይገባሉ፤ በመሆኑም ከአሥር ሚሊዮን አንድ እጅ ያነሰ ለውጥ አይታይም። በሩ ለ10 ሰከንድ ቢከፈት ዕይታው 10 ጊዜ ይጠራል። ነገር ግን በዚህ ጊዜ የተጠየቀው ጥያቄ ሌላ ሆኗል። ኦሲሌተሩ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ምን ያህል እንደሚናወጥ ለማወቅ ፈልገን በ10 ሰከንድ አማካይ ብናደርገው፣ ፈጣኑ መናወጥ በአማካዩ ውስጥ ተውጦ ይጠፋል።

ለዚህ የተገኘው መላ ሁለት ኦሲሌተሮችን አጋጥሞ የድግግሞሻቸውን ልዩነት መለካት ነው። አንዱ 10,000,000 ሌላው 10,000,010 ኸርትዝ ቢሆን ልዩነቱ 10 ኸርትዝ ይሆናል። የዚህ ቀርፋፋ ምልልስ አንድ ዑደት የሚፈጀው ጊዜ፣ ማለትም የሰከንድ አንድ ዐሥረኛ፣ በ10 ሜጋኸርትዝ ሰዓት ቢቈጠር 1,000,000 ይሆናል። የመጨረሻዋ ዑደት ስሕተት እዚህም ከአንድ ሚሊዮን አንድ እጅ ነው፤ ነገር ግን የሚታየው የ10 ኸርትዙ ልዩነት እንጂ ዋናው ድግግሞሽ ስላይደለ፣ ወደ ዋናው ሲመለስ ስሕተቱ ሌላ ሚሊዮን ጊዜ አንሶ ከአንድ ትሪሊዮን አንድ እጅ ይሆናል። በዚህ ዘዴ የረቀቀ መናወጥ መታየት ቻለ። መናወጡን ማየት ሲቻል ግን ምን ብሎ መጥራትና በምን ቍጥር መግለጽ እንደሚገባ የሚያውቅ አልነበረም።

5. ለ«ርጋታ» ፍቺ ሲፈለግ

በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጠፈር መንኰራኵሮችን የሚከታተሉ መሐንዲሶች፣ የራዳር ባለሙያዎች፣ የመገናኛ መሣሪያ ሠሪዎችና የአቶም ሰዓት ጠባቂዎች ሁሉም «ርጋታ» የሚለውን ቃል በየቋንቋቸው ይናገሩ ነበር፤ ሁሉም የሚለኩት ግን አንድ ነገር አልነበረም። አንዱ ኦሲሌተሩ በዓመት ስንት እንደሚንሸራተት፣ ሌላው በሺኛ ሰከንድ ውስጥ ስንት እንደሚንቀጠቀጥ ማለቱ ነበር። ከዚህም የተነሣ የሁለት አምራቾችን መግለጫ አነጻጽሮ መግዛት አስቸጋሪ ነበር። በኅዳር 1964 በሜሪላንድ፣ በጎዳርድ የጠፈር በረራ ማእከል፣ የኤሌክትሪክና የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ኢንስቲትዩትና ናሳ በጋራ ስለ አጭር ጊዜ የድግግሞሽ ርጋታ ጉባኤ የጠሩት ይህ ችግር በመጕላቱ ነው። የቃል ፍቺ ለመፈለግ የመሐንዲሶች ጉባኤ መጠራቱን የመዝገበ ቃላት ባለሙያዎች ልብ ሊሉት ይገባል።

«ለምን የተለመደውን የስታቲስቲክስ መደበኛ ልይይት አልወሰዱም?» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ተሞክሯል፤ ግን አልሠራም። ምክንያቱን በምሳሌ እንመልከት። የአንድ ኦሲሌተር ንባብ የመጨረሻ አሐዝ በየሰከንዱ 1፣ 2፣ 3 እያለ እስከ 10 ይጨምራል እንበል። የእነዚህ 10 ንባቦች ልይይት፣ ማለትም ከአማካያቸው ያላቸው ርቀት ካሬ አማካይ፣ 8.25 ነው። ያው ኦሲሌተር በዚያው አኳኋን ቀጥሎ እስከ 100 ቢነበብ ግን ልይይቱ 833.25 ይሆናል። ኦሲሌተሩ አልከፋም፤ ብዙ መመልከታችን ብቻ ቍጥሩን 101 ጊዜ አሳደገው። እውነተኛ ኦሲሌተሮች እንዲህ በቀጥታ መንገድ ባይሄዱም፣ በውስጣቸው ያለው የነሲብ ሁከት ከፊሉ ያለ ማቋረጥ ከአማካዩ የሚያርቃቸው በመሆኑ ውጤቱ ተመሳሳይ ነው። በታዘብነው ርዝመት ልክ የሚያድግ ቍጥር የመሣሪያ ጠባይ መግለጫ ሊሆን አይችልም።

መፍትሔው የመጣው በኮሎራዶ፣ ቦልደር፣ በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮ ይሠራ ከነበረው ከዴቪድ አለን ነው። አለን በየካቲት 1966 ለድግግሞሽ ርጋታ በተመደበ ልዩ የመጽሔት እትም ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ንባቦችን ከአጠቃላይ አማካያቸው ጋር ከማወዳደር ይልቅ እያንዳንዱን ንባብ ወዲያው ከሚከተለው ጋር በማወዳደር ላይ የተመሠረተ ስሌት አቀረበ። የሁለት ተከታታይ ንባቦች ልዩነት ይወሰዳል፤ በራሱ ይባዛል፤ የሁሉም አማካይ ይወጣል፤ ውጤቱ ለሁለት ይከፈላል። በላይኛው ምሳሌ ልዩነቶቹ ሁሉ 1 ስለሆኑ ውጤቱ 0.5 ነው፤ ንባቦቹ 10 ቢሆኑም 100 ቢሆኑም አይለወጥም። ይህ መጠን የሁለት ናሙና ልይይት ወይም በፈልሳፊው ስም የአለን ልይይት ይባላል።

ከቋንቋ አንጻር ሲታይ አለን ያደረገው «ትክክል»ን ከ«ርጋታ» ማላቀቅ ነው። መደበኛው ልይይት አማካይን ዋቢ አድርጎ እያንዳንዱን ንባብ «ከዋቢው ጋር ትክክል ነህን?» ብሎ ይጠይቃል። የሁለት ናሙና ልይይት ግን ዋቢ አያቆምም፤ «አሁን ያለህበት ቀድሞ ከነበርህበት ምን ያህል ራቀ?» ይላል። የአማርኛው «ረጋ» የሚጠይቀውም ይህንኑ ነው።

በ1971 ጄምስ ባርንዝና ባልደረቦቹ ስለ ድግግሞሽ ርጋታ አገላለጽ ያወጡት ጽሑፍ ሁለት ፍቺዎችን አጸደቀ፤ አንዱ መናወጡ በፍጥነቱ ተለይቶ የሚዘረዘርበት ሲሆን ሌላው የሁለት ናሙና ልይይት ነው። በ1988 የወጣው የመሐንዲሶቹ ኢንስቲትዩት 1139ኛው ደረጃም ይህንኑ አጸና። ከዚህ በኋላ «የዚህ ኦሲሌተር ርጋታ ይህን ያህል ነው» ብሎ ማቆም ስሕተት ሆነ፤ «በአንድ ሰከንድ»፣ «በአንድ ቀን» የሚል የጊዜ መጠን መከተል አለበት። ጥሩ የኳርትዝ ኦሲሌተር በአጭር ጊዜ ከተለመደው የሲዚየም ሰዓት በላይ የረጋ ሊሆን ይችላል፤ ጊዜው ሲረዝም ግን ኳርትዙ ስለሚንሸራተት ሲዚየሙ ይበልጠዋል። ስለዚህ ጊዜው ሳይጠቀስ «የትኛው ይረጋል?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም።

በዚህ ፍቺ ውስጥ አንድ ጥንቃቄ አለ። ንባቦቹ ያለ ክፍተት የተከታተሉ መሆን አለባቸው። የቀድሞ ቈጣሪዎች በሩን ከዘጉ በኋላ ውጤቱን እስኪያሳዩና እንደገና እስኪዘጋጁ ድረስ ጥቂት ጊዜ ሳይቈጥሩ ያልፉ ነበር። ይህን ክፍተት እንግሊዝኛው ከሞት ጋር አያይዞ ይጠራዋል። በአማርኛ «የሞተ ጊዜ» ቢባል አንባቢው ሥራ የተፈታበት ወይም የባከነ ጊዜ ሊመስለው ይችላል፤ «ያልተቈጠረ ጊዜ» ቢባል ግን ነገሩ ራሱን ይገልጻል። ባርንዝ በ1969 ያልተቈጠረው ጊዜ በውጤቱ ላይ የሚያመጣውን ማዛባት ለማረም የሚረዱ ሠንጠረዦች ማውጣቱ፣ ክፍተቱ ትንሽ ቢመስልም ፍቺውን እንደሚነካ ያሳያል።

6. መሣሪያው ፍቺውን ሲለውጥ

ታሪኩ እዚህ ያበቃ መስሎ ነበር፤ ነገር ግን መሣሪያው አላረፈም። አዳዲስ ቈጣሪዎች የዕይታቸውን ጥራት ለመጨመር በአንድ የመቍጠሪያ ጊዜ ውስጥ አንድ ልኬት ብቻ በመውሰድ ፈንታ እርስ በርስ የተደራረቡ ብዙ ልኬቶች ወስደው አማካዩን መስጠት ጀመሩ። ለተጠቃሚው የሚታየው ያው አንድ ቍጥር ነው። በውስጡ ግን በመቍጠሪያው ጊዜ መካከል የሆነው ነገር ከዳርና ዳር ይልቅ ይከብዳል።

ኤንሪኮ ሩቢዮላ በ2005፣ ቀጥሎም ዶኪንስና ባልደረቦቹ በአውስትራሊያ በ2007 ባወጧቸው ጽሑፎች ይህ ለውጥ የሚያስከትለውን ውጤት አሳዩ። ከእንዲህ ያለው ቈጣሪ የተገኙ ንባቦች በአለን ስሌት ውስጥ ቢገቡ የሚወጣው መጠን የአለን ልይይት አይደለም። ስሌቱ ያው፣ ስሙም ያው ሆኖ ሳለ የተለካው ነገር ሌላ ነው። መሣሪያው ያለ ተጠቃሚው ዕውቀት የቃሉን ፍቺ ለውጦታል። ይህንን ያላወቀ ባለሙያ የሁለት ቤተ ሙከራዎችን ውጤት ሲያነጻጽር አንደኛውን ኦሲሌተር ያለ አግባብ ሊያሞግስ ይችላል።

ሁለቱን የቈጣሪ ዐይነቶች ለመለየት ሩቢዮላ የግሪክን ፊደላት ስም ተጠቅሟል። ሁሉንም ጊዜ እኩል የሚያከብደው «ፓይ»፣ መካከሉን የሚያከብደው «ላምዳ» ይባላል፤ ምክንያቱም የክብደቱ ሥዕል የመጀመሪያው የበር መቃን፣ የሁለተኛው የጎጆ ጣሪያ ይመስላል። የፊደሎቹ ድምፅ ሳይሆን ቅርጻቸው ነው የተፈለገው። እንግዲያውስ ተመሳሳይ ቅርጽ ያላቸው የራሳችን ፊደሎች ሳሉ የግሪኮቹን ስም መዋስ ግድ አይደለም። «በ» የበር መቃን፣ «ለ» የጎጆ ጣሪያ ትመስላለችና «የበ ቅርጽ ቈጣሪ»ና «የለ ቅርጽ ቈጣሪ» ብንላቸው አንባቢው ስሙን ሲያይ ሥዕሉንም ያያል።

7. ለተርጓሚዎችና ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች

ከዚህ ታሪክ የሚወጡት የቃላት ሐሳቦች የሚከተሉት ናቸው።

«ትክክለኛነት»፦ አንድ ድግግሞሽ ወይም ልኬት ከታወቀው መስፈርት ጋር ያለው መቀራረብ። ዘወትር «ከምን ጋር?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሻል። ሲጐድል በማስተካከል ይቃናል።

«ርጋታ»፦ አንድ ድግግሞሽ በተወሰነ የጊዜ መጠን ውስጥ ራሱን ሆኖ የመቈየት ጠባይ። ዘወትር «በምን ያህል ጊዜ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ይሻል። ሲጐድል በማስተካከል አይቃናም፤ መሣሪያው በሚሻል መተካት ወይም የመናወጡ ምክንያት መወገድ አለበት።

ለዚሁ ፅንሰ ሐሳብ «መረጋጋት» እና «ጽናት» የሚሉ አማራጮች ሊቀርቡ ይችላሉ። «መረጋጋት» ከሰላም ጋር ተጣምሮ ለአገርና ለኅብረተሰብ ጕዳይ ስለ ዋለ፣ ደግሞም ተናውጦ የነበረ ነገር ወደ ጸጥታ መመለሱን ስለሚያመለክት፣ ለአንድ መሣሪያ ቋሚ ጠባይ አይመጥንም። «ጽናት» የውጭ ኀይልን መቋቋምን ይነግራል፤ ስለሆነም ሙቀትና ንቅናቄ የማይበግረውን መሣሪያ ለመግለጽ ቢቀመጥ ይሻላል። የኦሲሌተር መናወጥ ግን ማንም ሳይነካው ከውስጡ የሚመጣም ጭምር ነው።

«ኦሲሌተር»፦ ከውዝዋዜ ግስ «ተወዛዋዥ» የሚለውን ማውጣት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን በዛሬው አማርኛ ተወዛዋዥ መድረክ ላይ የሚጨፍር ሰው ነው። «የረጋ ተወዛዋዥ» የሚል ሐረግ ከአንባቢው ፈገግታ በስተቀር የሚያስገኘው ነገር የለም። ስለዚህ የውሰት ቃሉ እንዲቈይ፣ እንቅስቃሴውም «ምልልስ» እንዲባል አሳስባለሁ።

«ድግግሞሽ ቈጣሪ»፣ «የመቍጠሪያ ጊዜ»፣ «ያልተቈጠረ ጊዜ»፦ ሦስቱም ከአንድ ግስ ስለሚወጡ ተማሪው አንዱን ካወቀ ሌሎቹን ያውቃቸዋል።

«የሁለት ናሙና ልይይት»፦ ከአለን ስም ይልቅ ይህ ስም አሠራሩን ስለሚገልጽ በመዝገበ ቃላት ዋና ቃል ሆኖ እንዲገባ፣ «የአለን ልይይት» የሚለው ግን ወደ እርሱ እንዲመራ ቢደረግ መልካም ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን አንድ የአሠራር ሐሳብ አለ። የሙያ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ለ«ርጋታ» ፍቺ ሲጽፍ የጊዜውን መጠንና የመለኪያውን ዐይነት የፍቺው አካል አድርጎ መጻፍ አለበት። ይህን ትቶ «አለመናወጥ» ብሎ ቢያልፍ፣ መሐንዲሶቹ በ1964 ለመውጣት የተሰበሰቡበት ግራ መጋባት ውስጥ አንባቢውን መልሶ ይከተዋል።

ወደ ቴክኒሻኑ ልመለስ። በዚያን ቀን የማረሚያ ወረቀት አዘጋጅተን በመጽሐፉ ውስጥ እንዲለጠፍ አደረግን። እርሱም የታረመውን ገጽ አንብቦ፣ «እንግዲያው ይህ መሣሪያ ቢስተካከልም አይረጋም ማለት ነው» አለ። ከዚያ በኋላ ብሎኑን መንካት ትቶ ኦሲሌተሩ እንዲቀየር ማመልከቻ ጻፈ። በማመልከቻውም ላይ «ርጋታ የለውም» የሚለውን ሐረግ በቦታው አግብቶት ነበር።